ማኅተም ፈላጊው

የፋኖስ አባዜ አለብኝ። ሆለታ ውስጥ የቁራሌውን ድምፅ ከሰማሁ የተቀዳ ቡናዬን ጥዬ ነው የምወጣው። ጆንያውን አስከፍቼ የተጨራመተ ትሪና ጀሪካን እያገላበጥኩ የምፈልገውም ያው ማኅተም ነው፤ የየት አገር ሥራ መሆኑን የሚናገር።

የልቤ ምኞት የስዊድን ፋኖስ ነበር። በ1927 ዓ.ም. እነ ስዊድናዊው ካፒቴን ቪኪንግ ታም የገነት ጦር ትምህርት ቤትን እዚሁ ሆለታ ሲከፍቱ አንድ ሁለት ይዘው ሳይመጡ ይቀራሉ? እያልኩ። እስካሁን አልቀናኝም። እጄ የሚገባው የጀርመኑ ፎየርሃንድ ነው። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ከተገኘበት አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ የተሠራ ነው። ይህንን ለእንግዳ ሁሉ አስረዳለሁ።

ጎረቤቴ እማማ ግን ማኅተሙን አላዩትም። ፋኖሱን ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ዳበሱት። ላምባ መያዣው ተቀዶ ኖሮ፣ አንድ ሰው ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ ለጥፎ በየዶታል። «የዚህ ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። ከዚያ መቀስ አስመጡና የክሩን ሁለት ጥግ ሸረፍ አደረጉት።

«ጥጉን ካልከረከምከው ምላሱ ለሁለት ይከፈልና ያጨስብሃል፣ ልጄ።»

በጎንና በጎን የወረዱት ቱቦዎች ንጹሕ አየር ለእሳቱ እንደሚመግቡ፣ ዘዴውም የአሜሪካዊው ጆን ኧርዊን መሆኑን አንብቤያለሁ። ክር መከርከም ግን ማን አስተምሮኝ?

ይናፍቅዎታል ወይ አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ምኑ! ፋኖስማ የእንግዳ ነበር። የእኛ ኩራዝ ናት። ጠዋት ስንናፈጥ ጥቀርሻ ነው የሚወጣው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት በእሷ መሆኑን ነገሩኝ። ጭሱንም ፊደሉንም በአንድ ትንፋሽ።

አሁን መደርደሪያዬ ፊት ላይ የተቀመጡት ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተሠሩ፣ የጨርቅ ክር ያላቸው ኩራዞች ናቸው። ብርጭቆ የላቸውም፤ ጭሱ የሚብሰውም ለዚያ ነው። የተበየደ ፋኖስ ሳገኝም ብየዳውን አልነካም፣ ቀለም አልቀባም። ሰብሳቢ ወዳጄ እንከን የለሽ ፎየርሃንድ በሁለት ኩራዞች ልለውጥህ ብሎኝ ነበር። አልተስማማንም። ቂል ነህ ይለኛል እስከ ዛሬ።