የወንዝ ዳር ማዕድ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ውሃ የማያጣው አገር ያያል። ላህና ብር በፍኖተ ሰላም በኩል፥ ፈጠም በቡሬ በኩል ይወርዳሉ፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በወንዞቹ መካከል ያለው መሬት ጤፍና በቆሎ፥ ኑግና በርበሬ የሚያበቅል ለም መሬት ነው፤ የቡሬ በርበሬም በገበያ የታወቀ ነው። ቡሬ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ስለ ሆነች፥ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ነቀምት የሚሻገር ሰው ሁሉ በእርስዋ ያልፋል።

በክረምት እነዚህ ወንዞች ደፍርሰው ሞልተው ስለሚወርዱ ወደ ዳራቸው የሚጠጋ የለም። ከኅዳር ወዲህ ግን ውሃው ይጠራል፤ ድንጋዩ ይታያል፤ ዓሣው በየኩሬው ይሰበሰባል። ቤተ ሰብ ከልጆቹ ጋር፥ የማኅበር ጓደኞችም እርስ በርሳቸው ተጠራርተው በዛፍ ጥላ ሥር ምግብ አብስለው ለመብላት የሚመቻቸው በዚህ ጊዜ ነው። እኛም ስለዚሁ የወንዝ ዳር ማዕድ፥ ምን እንደሚበላበትና ምን እንደማይበላበት፥ ከማን ጋርም እንደሚበላ ጥቂት እንጽፋለን።

ልጆች ከወንዝ ዳር በደረሱ ጊዜ አስቀድመው የሚያደርጉት ድንጋይ መገልበጥ ነው፤ ከድንጋዩም ሥር ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሸርጣንን ነው። ወዲያውም «ይኸ ይበላልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነውና ወላጆች በቍጣ ሳይሆን በትምህርት ሊመልሱት ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ በውሃ ውስጥ ከሚኖሩት ፍጥረታት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው እንዲበሉ፥ የሌላቸው ግን እንዳይበሉ ተጽፎአል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህን ሥርዓት ጠብቀው ስለሚኖሩ፥ ሸርጣንና በዛጎል ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ ከጎጃም ገበታ አይቀርብም። ቅርፊት የሌለውን አምባዛን እንኳ ብዙ ሰው የማይበላው በዚሁ ምክንያት ነው። በእስልምናም ዘንድ ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ይለያያሉ፤ የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ከውሃ ፍጥረት ዓሣን ብቻ ሲፈቅዱ፥ ሻፊዒዎች ደግሞ ከባሕር የሚገኘውን በሰፊው ይፈቅዳሉ።

ሸርጣን ባይበላም የሚታይ ነገር አለው። የወንዝ ሸርጣን እንደ ባሕሩ ዘመዱ እንቍላሉን ለውሃ አይለቅም፤ እናቲቱ ከሆድዋ ሥር አቅፋ ትይዘዋለች፤ ልጆችዋም ቅርጻቸው ተፈጽሞ ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ከተፈለፈሉ በኋላ ጥቂት ጊዜ በዚያው ይቆያሉ። የሞተውንና የበሰበሰውን እየለቀመ ወንዙን ያጸዳል፤ ራሱም ለአቆስጣና ለውሃ አእዋፍ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ አይቶ ተደንቆ፥ ድንጋዩን እንደ ነበረ መልሶ እንዲያስቀምጥ ማስተማር ይገባል።

በሌላው ዓለም ግን እንዲህ ያለው ፍጥረት የበዓል ምግብ ነው። በስዊድን አገር በነሐሴ ወር ሰዎች ከቤታቸው ውጭ የወረቀት ፋኖስ ሰቅለው፥ ክሬይፊሽ የተባለውን የሸርጣን ዘመድ በጨውና በእንስላል ቀቅለው አቀዝቅዘው ይበላሉ። በአሜሪካም በሉዊዚያና ግዛት በጸደይ ወራት ይህንኑ ከበቆሎና ከድንች ጋር በትልቅ ድስት በቅመም ይቀቅሉና፥ ጋዜጣ በተነጠፈበት ገበታ ላይ ገልብጠው ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ይበላል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ወደዚህ ግብዣ ይጠራሉ፤ ከእነርሱም የሚበላ አለ፥ የማይበላም አለ። ነገር ግን ክሬይፊሽ በአፍሪካ ምድር፥ ከማዳጋስካር ደሴት በቀር፥ በተፈጥሮ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ወደ ኬንያ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ገብቶ የሐይቁን ሣር ክፉኛ አጥፍቶአልና፥ ወደ ወንዞቻችን ሊያመጣው የሚያስብ ሰው ይህን ያስታውስ።

እንግዲህ የእኛ አገር የወንዝ ዳር ምግብ ዓሣ ነው። ዓሣም ከሌላ ሥጋ የሚለይበት ታላቅ ነገር አለው። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስልምና ተከታዩ ያረደውን፥ የእስልምና ተከታዩም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም፤ በሠርግና በሐዘን እንኳ ለየራሳቸው ይታረድላቸዋል። ዓሣ ግን የሚታረድ አይደለምና በእርሱ ላይ የቢላዋ ልዩነት የለም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች በሃይማኖታቸው ጸንተው፥ አንዱ ሌላውን ሳያስቀይም፥ ከአንድ ትሪ ሊበሉ የሚችሉት ከወንዝ በወጣው ማዕድ ነው። ይህ ታናሽ ነገር አይደለም።

እንዲህ ላለው ግብዣ የሚዘጋጅ ሰው ጥቂት ጥንቃቄ ያድርግ። ሥጋ የተሠራበትን ድስት ይዞ ከመሄድ ዓሣውን በፍም ላይ መጥበስ ይሻላል፤ ለሁሉም ንጹሕ ነውና። በቅቤ ፋንታ የኑግ ዘይት መያዝ መልካም ነው። በጾም ወራት ዓሣን መብላትና አለመብላት እንደ አገሩ ልማድና እንደ ንስሓ አባት ምክር ይለያያልና፥ የማይበላ ሰው ካለ ሽሮ ወይም ክክ ሳይዙለት መሄድ አይገባም።

የዓሣው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ዓይኑ የጠራ፥ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ዓሣ ትኩስ ነው፤ ዓይኑ የፈዘዘውንና ሽታው የከበደውን መተው ይገባል። ዓሣ በፀሐይ ቶሎ ይበላሻልና፥ ከውሃ እንደ ወጣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በጥላ ማኖር ያስፈልጋል። ቀረሶ ሲሆን ቅርፊቱን ሳይገፉ፥ ሆዱን በጨውና በሎሚ አሽቶ በፍም ላይ ማጋደም ነው፤ ቅርፊቱ ሥጋውን ከእሳት ይጠብቀዋል፤ በበሰለም ጊዜ ከቆዳው ጋር ባንድነት ይላቀቃል። የኮባ ቅጠል የተገኘ እንደ ሆነ ዓሣውን በርሱ ጠቅልሎ በትኩስ ረመጥ መቅበር ይቻላል፤ ውሃው በውስጡ ስለሚቀር ሥጋው ይለሰልሳል። ከዚያም በቡሬ በርበሬ ከተበጠበጠ አዋዜ ጋር በእንጀራ ይቀርባል። ለሕፃናት ከጀርባው በኩል፥ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ ይሰጣቸው።

ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። በዚሁ በአማራ ክልል በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ተቈፍሮ የተገኘውን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች በበጋ ወንዙ ሲደርቅ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እየያዙ በእሳት አብስለው ይመገቡ እንደ ነበር ገልጸዋል። የበጋ ኩሬና የወንዝ ዳር እሳት እንግዲህ ከማንኛችንም አያት ይልቅ የቈዩ ናቸው።

ለጤናና ለወንዙ ደኅንነት የሚያስፈልገውንም ምክር አንተወውም። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ በውሃ ላይ መበተን ዓሣውን ያደነዝዛል፤ ነገር ግን ትልቁንም ጫጩቱንም ያለ ልዩነት ስለሚፈጅ፥ የአንድ ቀን ጥጋብ የብዙ ዓመት ረኃብ ይሆናል። በእስያና በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ያልበሰለ የወንዝ ሸርጣን ከመብላት የሳንባ ትል በሽታ ይመጣልና፥ ይህን የሚበላ ሰው በባዕድ አገር ቢሆንም እንኳ በደንብ ሳይበስል አይቅመሰው። ከዛጎል ፍጥረት ወገን ቀንድ አውጣ ባይበላም እንኳ ይጎዳል፤ የቢልሃርዝያ ትል በርሱ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ልጆች ሣር በበዛበትና በተኛ ውሃ ውስጥ እንዳይንቦጫረቁ መከልከል ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፥ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታውቋል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ማንም በገዛ እጁ በወንዝ አይጨምረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰውን በሚበላው አለመናቅ ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ በዚያው ዘመን ግን የናቃቸው ሰው ሐይቁን የሚሻገረው እነርሱ ከደንገል በሠሩት ታንኳ ነበር። የራስን ሥርዓት መጠበቅ ክብር ነው፤ የሌላውን ገበታ ማንቋሸሽ ግን ሥርዓት አይደለም። ልጅ «እኛ ይህን አንበላም» ማለትን ሲማር፥ ከዚያው ጋር «የሚበላውንም አንሰድብም» ማለትን ይማር።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ከተነሣው ጦርነት የተነሣ ብዙ ቤተ ሰብ ከደጁ መራቅን እንደ ፈራ እናውቃለን፤ የወንዝ ዳር ማዕድ ሰላም ከሌለ አይዘረጋምና። መንገዱ እንደ ስሙ በሆነበት ቀን ግን፥ ውሃው ጠርቶ ዓሣው በፍም ላይ ሲጋደም፥ ቤተ ሰብ ሁሉ በሌላ ቢላዋ የሚያርደውን ጎረቤቱን አስቀድሞ ይጥራ።