ጢም ስኳር አይለካ

መቱ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ ጎረቤቴ ግን የልጇን ኢንሱሊን። ከካርል ሆስፒታል የመጣው ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራቱ ሳይመጣ ከቆየ በፌስታል ቋጥራ እርጥብ አሸዋ ላይ ባኖረችው ማሰሮ ታቆየዋለች።

«በልተሃል?»

«እማዬ፣ ጢም አውጥቻለሁ እኮ!»

«ጢም ስኳር አይለካ!»

ጢሙ ግን ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1922 ቶሮንቶ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ከመወጋቱ በፊት፣ እንዲህ ያለ ታማሚ ስንቱ ለጢም ይደርስ ነበር? የጎልማሳ ባለስኳር እናትነት ገና አዲስ ሙያ ነው።

ሲነጫነጭ ጠባዩ ይሁን ስኳሩ ወርዶ አይለይላትም። ስለዚህ መጀመሪያ የኢሉባቦር ማር በማንኪያ ታቀርብለታለች፤ ኩርፊያው በኋላ ይደርሳል። ባለፈው ግን ለክቶ አሳያት፤ ደህና ነበር።

«እንግዲያው ብልግና ነዋ!» ብላ ማሩን ራሷ ላሰችው።