ቀዩ መስመርና የደረስጌ መንገድ

ቦስተን ውስጥ ከልጆች ጋር ታሪክ መጎብኘት ማለት መሬት መሬት እያዩ መሄድ ነው። ቦስተን ኮመን ከሚባለው መናፈሻ ቀይ መስመር ይነሳል። ቦታ ቦታ በጡብ ተነጥፏል፣ ቦታ ቦታ በቀለም ተሰምሯል። አራት ኪሎ ሜትር ያህል እየመራ አሥራ ስድስት ቦታዎችን ያዳርሳል። ስሙ ፍሪደም ትሬል ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1951 ያመጣው ዊሊያም ስኮፊልድ የሚባል የጋዜጣ ጸሐፊ ነበር። የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ባለሥልጣንም የታሪክ ፕሮፌሰርም አልነበረም። ልጆች ከፓርክ ጠባቂዎቹ ጥያቄ ያለበት ደብተር ይቀበላሉ፤ ሞልተው ሲመልሱ ባጅ ይሸለማሉ። ለባጁ ሲል የእኔ ልጅ ስንት መቃብር እንዳስዞረኝ!

አገር ቤት፣ ደባርቅ ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም። ቤተሰብ ተሰብስቦ በእግር የሚወጣው ለንግሥ ወይም ለለቅሶ ነው፤ ታሪኩም በዚያው መንገድ ላይ ይወራል። አጎቴ ዱላቸውን ወደ ሸንተረሩ ቀስረው ማን እዚያ እንደሸፈተ፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ይነግሩናል። ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ የዘር ሐረግ ግን አይስቱም። ጥያቄ ካበዛን «ዝም ብለህ ተራመድ» ይላሉ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ አስጎብኚ አላውቅም፤ ችግሩ አጎት የሌለው ልጅ ምን ይሁን የሚለው ነው።

ከውጭ የምንመጣው ቤተሰቦች ጎንደር ላይ የፋሲልን ግንብ አይተን ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። ዳባትን በመኪና መስኮት እናልፋታለን። ደባርቅ ላይ የስሜን ተራሮች ፓርክን ትኬት ቆርጠን፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዘን ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ለማንሳት እንገባለን። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በተፈጥሮው ነው፤ እኛም ተፈጥሮውን ብቻ አይተን እንመለሳለን።

ከፓርኩ ማዶ ግን ደረስጌ ማርያም አለች። መንገዱ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በሥራው የረዳቸው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ውቤ እዚያው ሊነግሡ አስበው እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። በዚያው ሰሞን፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» አሰኟቸው። ቦስተን ብትሆን ቀዩ መስመር የሚነሳው ከዚህች ደጃፍ ነበር።

መስመር ማስመር ሁሉን አያቃልልም። ቦስተን ውስጥ በአሮጌው የመንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት ክብ ድንጋይ ተነጥፏል። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰው የገደሉበት ቦታ መታሰቢያ ነው። የዚያን ዘመን ባርኔጣ የደፉ አስጎብኚዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይተርኩታል፤ ልጆች አይስክሬም እየላሱ ይሰማሉ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ይቻላል። ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የትግራይ ኃይሎች መንደሩን በያዙባቸው ቀናት የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች እናቶቻቸውና ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ። እዚያ ባርኔጣ ደፍቶ መተረክ ነውር ነው። ልጄን ልወስደው ብፈልግ የምጠይቀው የአገሩን ሰው ነው፤ አትምጡ ካሉኝም አልሄድም።

ደረስጌ ግን መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ እንደ ጭና ትኩስ ቁስል አይደለም። ደባርቅ ያሉት ወጣት አስጎብኚዎች መንገዱን አሳምረው ያውቁታል፤ ለጭላዳ የሚወስዱትን እንግዳ አንድ ቀን ጨምረው ቧሂትን ቢያሻግሩት ለጃናሞራም ገበያ ነው። የሚጎድለው ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሰሌዳ፣ ደረስጌ ደጃፍ ሌላ ሰሌዳ ነው። በሁለተኛው ላይ ማን ይቅደም ተብሎ ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ እኔ የውቤ ስም ከቴዎድሮስ ቀድሞ ይጻፍ ባይ ነኝ። ድንጋዩን ያስጠረቡት እሳቸው ናቸው።