ከ«ጃስ» በፊት «ና»

ሰሞኑን በስልክም በገበያ ቀንም ከቡና ጥያቄ እኩል የሚመጣልኝ የቡችላ ጥያቄ ነው። በቆሎ እሸት ሲይዝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይመጣል። ማሳው ከጫካ ጋር የሚዋሰን የሸኮ፣ የየኪ ወይም የደቡብ ቤንች ገበሬ ማማ ላይ ሲጠብቅ አድሮ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ከርከሮውም ያኔ ይገባል። ስለዚህ ሁሉም ውሻ ይፈልጋል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት አድርጌ ኃይለኛ ላድርገው?»

እኔ በየቤቱ ስዞር የማየው ነገር አለ። ቡችላው ገና የወተት ጥርስ ይዞ ልጆች የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ቃል «ጃስ» ነው። በዶሮ ላይ ጃስ፣ በጎረቤት ልጅ ላይ ጃስ፣ ውኃ ቀድታ በምትመለስ ሴት ላይ ጃስ። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይስቃል። በስድስተኛው በሰባተኛው ወር ያው ውሻ ያው ጨዋታ መስሎት የሰው ልጅ እግር ይይዛል። ያኔ «ተው» ቢሉት አያውቀውም፣ «ና» ቢሉት አይመጣም፤ ማን አስተምሮት! ልጓም የሌለው ፈረስ ማለት ይኼ ነው።

ይኼ የጎረቤት ፀብ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ሕጉን ልንገረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ድንገት አምልጦኝ ነው፣ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ማለት አያድንም። የሕክምናውን ወጪ ስታስቡት ከአንድ ማሳ በቆሎ ሊበልጥ ይችላል።

እሺ፣ ከየት እንጀምር? ከዕድሜው። ቡችላ ከእናቱ ሥር ሁለት ወር ቢቆይ ጥሩ ነው። ዓይኑ ሲከፈት ነጥቀን የምናመጣው ቡችላ በወስፌና በረሃብ ከመጎዳቱም በላይ ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚማረውን ሳይማር ይቀራል። ሲጫወቱ አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል፣ ንክሻን ማላላት የሚማረው ከዚያ ነው። ስኮትና ፉለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ቡችሎች ሲያሳድጉ ከርመው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ውሻ ማን ወገኑ እንደሆነ በቀላሉ የሚለይበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው፣ ሕፃን፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ዣንጥላ የያዘ እንግዳ ያየ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥም። ጎተራ ሥር ታስሮ ያደገ ውሻ ግን ሁሉ ነገር ጠላት ይመስለዋል። ሰው «ኃይለኛ» የሚለው ውሻ ብዙ ጊዜ ፈሪ ነው፤ የሚናከሰው ከፍርሃት ነው።

ስሙ አጭር ይሁን። እኛ አገር በውሻ ስም ጎረቤትን መሸንቆጥ የቆየ ልማድ ነው፣ አንዳንዱ ስም ግማሽ ዓረፍተ ነገር ያህላል። ቅኔው ይቆይ፣ ለመጥሪያ ግን ሁለት ፊደል ይበቃል። ሌላው፣ በእኛ አካባቢ በአንድ ቤት ውስጥ አባት አማርኛ፣ እናት ካፍኛ፣ ልጆች ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ሊያወሩ ይችላሉ። የትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ግን ቤተሰቡ ተስማምቶ ለአንድ ትእዛዝ አንድ ቃል ብቻ ይምረጥ። እኔ እዚህ በአማርኛ «ና» እና «ተው» እላለሁ።

«ና»ን የምታስተምሩት ሲርበው ነው። የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ቆጮ ቁራሽ በእጃችሁ ያዙ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ በሉና ስሙን ጠርታችሁ «ና» በሉት። ሲመጣ ቁራሹን ስጡት፣ አንገቱን እሹት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንቱ አሥር እርምጃ ራቁ፣ ከዚያ ከቤት ጀርባ ሆናችሁ ጥሩት፣ ከዚያ ቡና ሥር ሆናችሁ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ «ና» ብላችሁ ጠርታችሁ አትምቱት። እንቁላል በልቶ አግኝታችሁት ቢሆን እንኳ። ውሻ የሚቀጣበትን ነገር የሚያውቀው በዚያችው ቅጽበት ከሆነ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርታችሁ ብትመቱት የሚማረው «ና ሲሉኝ እመታለሁ» ብሎ ነው፣ ሁለተኛ አይመጣም።

«ተው» ደግሞ እንዲህ ነው። ቁራሹን በጭብጣችሁ ጨብጡና አፍንጫው ሥር አቅርቡለት። ያሸታል፣ ይቧጥጣል፣ ይልሳል። አትቆጡት፣ ቀስ ብላችሁ «ተው» በሉና ጠብቁ። ሰልችቶት አፉን መለስ ባደረገባት ቅጽበት እጃችሁን ክፈቱና ስጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ከዚያ መሬት ላይ አድርጉና በእጃችሁ ሸፍኑ። ከዚያ አንገቱን በገመድ ይዛችሁ ዶሮዎቹ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሊዘል ሲል «ተው»፣ ዝም ብሎ ሲያይ ቁራሽ ስጡት። በናሚቢያ አቦ ሸማኔን የሚጠብቅ አንድ ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎች የፍየል ጠባቂ ቡችሎች ይሰጣል። እዚያ ቡችላው ገና በሁለት ወሩ ከፍየሎቹ ጋር ያድራል፣ ከእነሱ ጋር ይውላል፣ ስለዚህ ፍየሎቹን እንደ ቤተሰቡ ይጠብቃል። የእኛም የመንደር ውሻ በዚያው መንገድ ከዶሮና ከጥጃ ጋር ቢያድግ ይለምዳል።

አንድ አባት ይኼን ሁሉ ሰምተው «ልጄ፣ በርበሬ ብናበላውስ? ጆሮውን ብንቆርጠውስ?» አሉኝ። አባቴ፣ በርበሬ ጨጓራውን ያቃጥለዋል እንጂ ከርከሮ አያሳየውም። ጆሮ መቁረጥ ደግሞ ቁስል ነው፣ በእኛ ዝናብና ዝንብ ቶሎ ያመረቅዛል። ሰማይ ምድሩ ሲዘንብ የሚያድርበት ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ብትሠሩለት ከሁለቱም ይሻለዋል።

የቡናውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቡችላ ሞቃት ቦታ ይወዳል፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ መውጣት ከለመደ ወቅቱን ሙሉ እዚያ ነው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ለዚህ ነው ከጋዝ፣ ከበርበሬና ከማዳበሪያ ጋር አታከማቹ የምላችሁ። የውሻ ሽንት የነካው ጀንፈል ደግሞ ምን እንደሚሆን ራሳችሁ ፍረዱ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አልጋው አጠገብ ሲደርስ «ተው»፣ ሲመለስ ቁራሽ። ለውሻውም ቢሆን አደጋ አለው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። እሸቱ ጣፋጭ ስለሆነ ቡችላ ሊበላው ይችላል፣ የጀበና አተላም እንደዚያው። ከተቅበጠበጠ፣ ከተንቀጠቀጠና ካስመለሰ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። አተላውን የትም አትድፉ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። በሁለት ወሩ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይብላ። ቂጣ ወይም ገንፎ በአጥንት መረቅ ጥሩ ነው። ጎደሬ በደንብ ይቀቀል፣ ጥሬው አፍ ያቃጥላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል። ሳህኑ የራሱ ይሁን፣ ሃይማኖታችንም ንጽሕናውም ይኼንኑ ይላል። በዓል ሲመጣ ደግሞ በግ አርዳችሁ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፤ ቅበሩት። ያ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅ ይመጣል፣ ልጁ ጉበት ላይ ያው ከረጢት ይወጣል።

ማሳ ጥበቃው የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ማለዳና ማታ በገመድ ይዛችሁ የማሳውን ዳር ዙሩ፣ በየቀኑ በዚያው መንገድ። ድንበሩን በአፍንጫው ያውቀዋል። አንዳች ነገር ሰምቶ ሲጮኽ «ጎበዝ» በሉት፣ አብራችሁ ሂዱ። «ጃስ»ም አሁን ይምጣ፣ እናንተ ብቻ የምትሉት፣ ልጆች የማይሉት፣ ሰው ላይ የማይባል። አንድ ውሻ ወንድ ዝንጀሮ እንዲገድል አትጠብቁ። የወንድ ዝንጀሮ ክራንቻ ከውሻ ክራንቻ ይረዝማል፣ ብቻውን የገባ ውሻ ተዘልዝሎ ይመለሳል። የውሻው ሥራ መጮኽና ሰው መቀስቀስ ነው። ለዚህ ነው «ና» ሲባል የሚመለስ ውሻ ዕድሜ የሚኖረው። ጫካ ዳር ያላችሁ ደግሞ ሌሊት ብቻውን ማሳ ላይ አስራችሁ አትተዉት፣ ነብር ውሻ ይወዳል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻም ተናካሽ ይሆናል፤ አጥር ግቢ ካላችሁ ልቀቁት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማሳስባችሁ ልምጣ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ከጫካ አውሬም ከመንደር ውሻም ጋር ይገናኛል። በሽታው በለሃጭ፣ በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሰውም በእንስሳም የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። በሬም ላምም ይይዛል፣ ያበደ ውሻ የነከሰው በሬ ሲሞት ያየ ያውቀዋል። የዚያን ከብት ሥጋም ወተትም አትንኩ። የዱር እንስሳውንም አይምርም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ ከቀይ ቀበሮዎቹ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል፣ በዓለም ላይ ከእኛ አገር ሌላ የትም የሌሉትን።

ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ፣ የወስፌውንም መድኃኒት አብራችሁ ጠይቁ። ካርዱን ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። በክትባት ቀን ውሻ መያዝ ያቃተው ሰው ብዙ ነው፣ አምስት ጎረምሳ ሲያሯሩጠው ይመሻል፣ ውሻውም ሳይከተብ ይቀራል። «ና» የሚያውቅና ገመድ የለመደ ቡችላ ግን ልጅ ይዞት ይመጣል።

ውሻ ሰው ከነከሰ፣ የራሳችሁም ቡችላ ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ፣ አሥራ አምስቱንም። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። «ደህና ነኝ እኮ» አትበሉ፣ በሽታው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ነው የሚነሣው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድም፣ ፀበል የሚሄድም ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፣ የታዘዘለትንም ቀጠሮ ሁሉ ይጨርስ። ውሻውን በንዴት ወዲያው አትግደሉት፣ መያዝ ከተቻለ ለብቻው አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ የሐኪሙንም ውሳኔ ያግዛል። ክትባቱን ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ ብላችሁ አታዘግዩ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ጥያቄ «ሴት ቡችላ ትሆናለች ወይ?» የሚል ነው። ሴቶቹን መንገድ ዳር እየጣልን ወንዶቹን ብቻ ስለምንወስድ የመንደር ውሻ የሚበዛው ከተጣሉት ነው። ሴት ውሻ በጥበቃ ከወንድ አታንስም፣ ቤትም ታዘወትራለች። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ወንድ ስትፈልግ ግቢው በውሻ ይሞላል፣ እውነት ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ግቢ ዘግቶ መያዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ «ነይ» እና «ተይ» ይሁን እንጂ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ቴፒ መውጫ ላይ አንድ ገበሬ ሁለት ሴት ቡችሎች አሉት፣ በወሩ መጨረሻ ሁለት ወር ይሞላቸዋል። የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።