«ማርሽ ይተፋል» ብሎኝ ነበር

ሹፌራችን «እትዬ፣ ሦስተኛ ማርሽ ይተፋል» ያለኝ የፋሲካ ሰሞን ነበር። እኔ ጋራዥ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። በመካከል ያሉትን ሦስት ወራት ዛሬም ማስታወስ አልወድም።

መኪናዋ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ ናት። ባለቤቴና እኔ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆነን፣ ግማሹን በባንክ ብድር ነው የገዛናት። ቤታችን ውስጥ እንደ አራተኛ ልጅ ነው የሚወራላት፤ ልዩነቱ የሌሎቹን የሦስቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትከፍለው እሷ መሆኗ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ዕቃ ታደርሳለች፣ ስትመለስ ጤፍ ትጭናለች። ሒሳቧን የምይዘው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ይተፋል» የሚለው ቃል ጆሮዬ የገባው እንደ ወጪ ነው። ሹፌር መቼም የሚጠይቀው አያጣም ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ ላይ ማርሹ ጭራሽ አልገባ አለና መኪናዋ ቆመች። ባለቤቴ መስክ ስለነበር ቃሊቲ ወደሚገኘው ጋራዥ የሄድኩት እኔ ነኝ። ካምቢዮው ወርዶ ጠበቀኝ። ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አዛውንት መካኒክ ካምቢዮውን ከመፍታታቸው በፊት ዘይቱን በንጹሕ ሳህን አፈሰሱት። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ማግኔት ነው። እሱ ላይ የተለጠፈውን ኩል የመሰለ ጥቁር ነገር በጣታቸው ጠረግ አድርገው «ይኼ የዕድሜ ነው፣ አያስፈራም» አሉኝ። ከዚያ ዘይቱን ወደ ብርሃን አዘነበሉት። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ያብለጨልጫል። ማርሽ ሲቀየር ፍጥነቱን የሚያስማማው የሲንክሮናይዘር ቀለበት ነሐስ ነው፤ የተበላው እሱ ነው። ከሥር ደግሞ ምስር ክክ የምታክል የብረት ስባሪ ወጣች። እሷን ሲያዩ ዝም አሉ።

ዕቃው በናፍጣ ታጥቦ ቆርቆሮ ላይ በተራ ተደረደረ። አንዱ ለማጅ የታጠበውን ኩሺኔታ በኮምፕረሰር አየር ሲያሽከረክረው ጋሼ ተቆጡት። ዘይት የሌለው ኩሺኔታ እንደዚያ ሲፈተለክ ራሱን ይበላል፣ ሊበተንም ይችላል። (ድምፁ ግን ደስ ይላል፤ ልጁን አልፈረድኩበትም።) ከዚያ እያንዳንዱን እያነሱ በሦስት ቦታ ይለዩት ጀመር፦ የሚመለስ፣ የሚሠራ፣ የሚጣል። እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። የሚጣለው ክምር ከፍ ባለ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ኩሺኔታዎቹን በሙሉ ጣሏቸው፤ ይህን ያህል ተፈትቶ አሮጌ ኩሺኔታ መመለስ ድካሙን በዜሮ ማባዛት ነው አሉ። ሦስተኛው ማርሽ ላይ ግን ተከራከርኩ። ሲገባ የሚነክስባቸው ትንንሽ ጥርሶች ጠርዛቸው ዶልዱሞ ክብ ሆኗል፤ ከያዘ በኋላ ተንሸራቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ጥርሶች ፊታቸው ላይ ፈንጣጣ የመሰለ ጉድጓድ አውጥቷል።

«በብየዳ ሞልቶ መሞረድ አይቻልም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኼ እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ጠንካራው ቅርፊቱ ነው።»

የማርሽ ጥርስ ላዩ በእሳት ተጠናክሮ ይጠጥራል፤ ውስጡ ግን ግጭት እንዲችል ለስለስ ይላል። ጠንካራው ንጣፍ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እሱ አንዴ ከተላጠ ብየዳ ቅርጹን እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም፤ እንዲያውም ሙቀቱ የቀረውንም ያበላሻል። ደግሞ ማርሽ ብቻውን አይቀየርም፤ አዲሱ ከአሮጌ ጓደኛው ጋር ከተፋጨ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ጥንዱ ይቀየራል። ጻፍኩ።

ያተረፍነው ከቶርኖ ቤት ነው። አንዱ ኩሺኔታ ቤቱ ውስጥ እየዞረ የካምቢዮውን ቀዳዳ አስፍቶት ኖሯል። ጋሼ ሙሉውን ካምቢዮ መጣል አያስፈልግም ብለው ላኩት፤ ቀዳዳው በቶርኖ ሰፍቶ፣ ቦኮላ ገብቶበት፣ በልኩ ተመለሰ። ዘይት መያዣው ጎማ የፋቀው ዘንግም እንዲሁ ስስ ቀለበት ለበሰ። ለካ የሚድን ነገር አለ ብዬ ደስ አለኝ።

ሹካው ላይ ስንደርስም ደስታዬ አልጠፋም ነበር። ሹካ የምለው ማርሹን የሚገፋውን ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው። መኪናዋን ከመግዛታችን በፊት ሌላ ቦታ ተከፍቶ ጣቶቹ በነሐስ ተሞልተዋል። ጋሼ በካሊፐር ለኩት፤ ልኩ ደህና ነው። «እንግዲያው ይኼ ይመለስ!» አልኩ። እሳቸው ግን ለማጁን ጠመኔ እንዲገዛ ላኩት። ሹካውን ላምባ ውስጥ ነክረው አቆዩት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ሻይ እስክንጠጣ ድረስ ነጩ ላይ ከሹካው ግርጌ ጀምሮ ፀጉር የምታክል እርጥብ መስመር ወጣች። ስንጥቁ የተደበቀውን ላምባ እየተፋ ነው።

ሹካውና የማርሹ ጥንድ ተደምረው የትልቋን ልጄን የመንፈቅ ክፍያ ያህላሉ። «እስከ መስከረም አያደርስም?» ስል ራሴን ሰማሁት።

ጋሼ አልመለሱልኝም። ዞር ብለው ጥግ የቆመውን ሹፌር «አባይ በረሃ በስንተኛ ነው የምትወርደው?» አሉት።

«ጭነት ካለ በሦስተኛ፣ ሲብስ በሁለተኛ።»

«ሲተፋስ?»

መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ክንድ የሚያህል የከለመዳሪ ቁራጭ ይዞ ወጣ። «በጉልበቴ እደግፈዋለሁ። ሲደክመኝ የማርሹን ዘንግ በዚህ ከወንበሩ እግር ጋር አስረዋለሁ» አለ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭነት ያለበትን መኪና እዚያ ላይ የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ነው። ማርሹ ከተፋ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል ይደክማል፣ መኪናው ሲፈጥን ደግሞ ማርሹን መልሶ ማስገባት ላይቻል ይችላል። ማታ መዝገቤን ከፈትኩ። ከፋሲካ ወዲህ 22 ምልልስ ተጽፏል። ሲሄድ በጎሐ ጽዮን፣ ሲመለስ በደጀን በኩል ይወርዳል፤ 44 ቁልቁለት ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ ነዳጅ፣ አበልና ገቢ በጥንቃቄ ሰፍሯል። ሹፌሩ ሁለት ልጆች አሉት፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም።

«ለምን አልነገርከኝም?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነግሮኛል እኮ።

ዕቃውን ፍለጋ ከጋሼ ጋር ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርን። መጀመሪያ ያገኘነው ማርሽ ሲታይ ያው ነው፤ ጋሼ ጥርሱን ሲቆጥሩት አንድ በለጠ፣ መለስነው። ካምቢዮው ከተገጠመ በኋላ፣ ክዳኑ ሳይታሰር፣ ሁሉንም ማርሽ እያስገቡ ዘንጉን በእጃቸው አዞሩት። እኔንም አስሞከሩኝ። የተጣሉትን ዕቃዎች በሙሉ በጆንያ ተቀበልኩ፤ ሹካው ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍያውን በሁለት ዙር እንዲቀበለኝ ለመንኩ፤ ስለዚያ ብዙ ባላወራ ይሻላል።

ሹፌሩ በመጀመሪያው ጉዞ ከደጀን ደወለልኝ። «እትዬ፣ ተሻገርኩ። ማርሹ ቅቤ ሆኗል» አለ። ቀጥሎ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «የኋላው ፍሬን ግን ስይዝ ይንጫጫል» አለኝ።

«በየት በኩል?» አልኩት፣ ደብተሬን እየሳብኩ።