ማዶ ያለው ልጅ

«ከአገር ውጪ ላሉ ወላጅ አልባ ልጆች አገልግሎት ልንጀምር ነው። መጀመሪያ ደቡብ ሱዳን፣ ከዚያ እግዚአብሔር ወደሚመራን። አርብ በጸሎቱ ላይ አንተ ትናገራለህ» አለኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ።

«ለምን እኔ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ በእርዳታ ያደግኸው!»

አንድ ቀን አምልጦኝ የነገርኩት ነገር ነው። ነገሩ እውነት ነው። እናትና አባቴን በልጅነቴ አጥቼ፣ ጠላ ጠምቃ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። በሰባት ዓመቴ አንድ የክርስቲያን ድርጅት ፎቶግራፌን አንስቶ ባሕር ማዶ ረጂ አገኘልኝ። ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱ፣ ሕክምናው ከዚያ ነው የመጣ። አልክድም፤ ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ ግቢ አልገኝም ነበር።

በየዓመቱ የምስጋና ደብዳቤ እንጽፋለን። አንድ ዓመት ስለ አያቴ ልጽፍ ስጀምር ሠራተኛዋ ወረቀቱን አየችና «ረጂህ የሚያውቀው ወላጅ አልባ መሆንህን ነው፤ አያትህን ተዋት» አለችኝ። አያቴ በር ላይ ቆማ ኖሯል። ማታ ራት አቅርባልኝ «ለመሆኑ እኔ ምንህ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። መልሱን ሳልነግራት ዐረፈች።

ይኸን ለጓደኛዬ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ የዚያን ማታ ነገርኩት። ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ዞርን። ለካስ የኛ ሰዎች ይኸን ሥራ ቀድመውን ጀምረውታል! ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች፣ ጦርነቱ ሜዳ ላይ የጣላቸውን ሕፃናት አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ዶንግዱቾን ከተማ ውስጥ ቦሁዋዎን የተባለ ማሳደጊያ አቋቁመዋል፤ ከደመወዛቸው እያዋጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ሰባኪ ኤቨረት ስዋንሰንም የኮርያን ሙት ልጆች አይቶ ነው አገልግሎቱን የጀመረው። ዛሬ ኮርያ ራሷ ለሌላው ትረዳለች። ረጂ ወይም ተረጂ ሆኖ የተፈጠረ አገር የለም ማለት ነው።

የኛም ልጆች በሺህ እየተቆጠሩ በጉዲፈቻ ባሕር ተሻግረዋል። ከነሱ መካከል ዘመድ፣ እንዲያውም በሕይወት ያለ ወላጅ የነበራቸው ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ አስቀረ።

ጓደኛዬ የጻፈውን ዕቅድ አወጣ። «ቤት ኪራይ፤ 30 አልጋ፤ ሞግዚት» ይላል።

«ታዲያ እንተወው?» አለኝ።

«ኧረ አንተውም! ግን አልጋውን ሰርዘው። መጀመሪያ አክስት አለህ ወይ፣ አያት አለችህ ወይ ብለን እንጠይቅ። ካለች የልጁን ቀለብ በእጇ እንስጣት።»

«ባክህ፣ ለአልጋ ሰው ያዋጣል። ለአያት ማን ያዋጣል?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። የአልጋ ፎቶግራፍ ያምራል፤ የባዶ ቤት ሕፃን ፎቶግራፍም ኪስ ያስፈታል። ጎኑ አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ብትቆም ግን «እሷ አለችለት አይደል?» ይባላል። እሷ ስላለች ነው እንጂ ልጁ እስከ ፎቶግራፉ ቀን የቆየው!

እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «አልጋ» የሚለውን ሰረዘና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገ። ገና አልተስማማንም ማለት ነው።

ለማንኛውም አርብ እናገራለሁ። ጽሑፌ አላለቀም፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ያኔ ከደብዳቤው የቀረው ነው፦ «አያት አለችኝ» የሚል። «ነበረችኝ» ብዬ አርሜዋለሁ።