አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት መቃብር

እኛ አገር «ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ማቆም አይቻልም። ጠያቂው ወዲያው «የቱ?» ይላል። ኦርቶዶክስ ነህ? ካቶሊክ ነህ? ጴንጤ ነህ? ጴንጤ ነኝ ካልክ ደግሞ ጥያቄው በዚያ አያበቃም፤ መካነ ኢየሱስ ነው፣ ቃለ ሕይወት ነው፣ ሙሉ ወንጌል ነው፣ ወይስ ባለፈው ወር አዳራሽ የተከራየው? አብዛኛው ሰው ይህን በአንድ ቃል ይመልሰዋል። እኔ ግን ያደግሁት ያ አንድ ቃል አጥሮኝ ነው። አባቴ የጎጃም ሰው፣ ተዋሕዶ ነበር፤ እናቴ የወለጋ ልጅ፣ መካነ ኢየሱስ ናት።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ማንንም ከየትም ወደ የትም ለመውሰድ አልተነሣሁም። የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ መጠን፣ ቤታችን የገባውን አንድ ጥያቄ በተማርኩት ልክ ልመረምር ነው።

ወላጆቼ የተጋቡት በማዘጋጃ ቤት ነው። ሥርዓተ ተክሊል ሁለቱም ተጋቢዎች ተዋሕዶ ካልሆኑ አይፈጸምም፤ የእናቴ ቤተሰብ በበኩሉ «ልጃችን ልትሄድብን ነው» ብሎ ሰጋ። ስለዚህ መካከለኛው ቦታ ማዘጋጃ ቤት ሆነ። እኔ ሳልወለድ በፊት ይጨቃጨቁ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ግን ሰላሙን ነው። ረቡዕና ዓርብ ቤታችን የጾም ወጥ ብቻ ይሠራል። እናቴ «ሁለት ድስት ጥጄ ልኖር ነው እንዴ?» ትል ነበር። እኔ በ40 ቀኔ ክርስትና ስነሣ እሷ አልተቃወመችም፤ መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለችና። በዓላችንም አንድ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በሌላው ዓለም የምሥራቅና የምዕራብ ክርስቲያኖች ፋሲካን በአብዛኛው በተለያየ ቀን ነው የሚያከብሩት። የእኛ ወንጌላውያን ግን ገናን ታኅሣሥ 29፣ ፋሲካንም ባሕረ ሐሳብ ባወጣው ቀን ከኦርቶዶክሱ ጋር ያከብራሉ። ዶሮው አንድ ነው ማለት ነው። መደርደሪያችን ላይ ግን ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ የአባቴ 81 መጻሕፍት፣ የእናቴ 66 መጻሕፍት ያሉት። በልጅነቴ ቆጥሬ የደረስኩበት የመጀመሪያው የክርስትና ልዩነት ይኸው የ15 መጻሕፍት ልዩነት ነው።

አባቴ ያረፈው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። እናቴ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆማ አለቀሰች። ዕድሩ ድንኳን ሲተክል፣ ንፍሮ ሲቀቅል፣ አልጋ ሲሸከም «የቱ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማታ የእናቴ መዘምራን መጡና ዘመሩ፤ የአባቴ ዘመዶች መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ በኋላ ግን ዝም ብለው አዳመጡ። አርባው ሲደርስ ጤፉን ያስፈጨችው፣ ጠላውን የጠመቀችው እናቴ ናት። በተዝካር አታምንም። አክስቴ (የእናቴ ታናሽ) «ምነው እህቴ፣ ለሞተ ሰው ይጠቅማል ብለሽ ነው?» ስትላት «እኔ አላምንበትም፤ እሱ ግን ያምንበት ነበር» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን «ለመሆኑ እኔ ስሞት የት ነው የምትቀብሩኝ?» አለችኝ። «ተይ እንጂ እማዬ» ብላትም አልተወችውም። ከባሏ ጎን መቀበር ትፈልጋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደግሞ ለምእመናኑ ብቻ ነው። የእሷ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። 26 ዓመት በአንድ አልጋ የተኙ ሰዎች በሁለት መቃብር ሊለያዩ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ስለ «አንዲት ቤተ ክርስቲያን» ማሰብ የጀመርኩት።

ቤተሰባችን ውስጥ ሦስት መልስ አለ። የአባቴ ወንድም፣ ጋሼ፣ «ቤተ ክርስቲያን ድሮም አንዲት ናት፣ አሁንም አንዲት ናት፤ የወጣ ይመለስ» ይላሉ። አክስቴ «እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን በዓይን አትታይም፤ የሚያምን ሁሉ አንድ ነው፤ የቀረው የሰሌዳ ስም ነው» ትላለች። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ ነው። «እኔ ሃይማኖት የለኝም፣ ጌታ ብቻ ነው ያለኝ» ይላል። እነዚህን ሦስቱን ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ጋር አስተያየኋቸው።

በጋሼ ልጀምር። «ተዋሕዶ» ማለት አንድ መሆን ማለት ነው፤ የክርስቶስን መለኮትና ሥጋ አንድነት ይናገራል። ይህ የአንድነት ቃል የአንድ ወገን መጠሪያ ለመሆን የበቃው ግን በመለያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ግብጽ፣ ሶርያ፣ አርመንና ኢትዮጵያ ሳይቀበሉት ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ፤ ከ1517 በኋላ ደግሞ የሉተር ተሐድሶ ምዕራቡን ከፈለው። እኛም ጋ ቢሆን ልዩነት ከውጭ ብቻ አልመጣም። ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባለ ገዳም ከገዳም ሲከራከር ኖሯል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ቢገልጹ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውስጡን ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘጉት፤ በዚያው ጉዞ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። በአዋጅ የመጣ አንድነት ምን እንደሚመስል ከዚህ መረዳት ይቻላል። በእኛ ዘመንም እንኳ በ1984 ዓ.ም. አካባቢ በአገር ቤትና በውጭ ሲኖዶስ የተከፈለችው ቤተ ክርስቲያን የታረቀችው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. እንደገና የጳጳሳት ሹመት ጉዳይ አገር አስጨነቀ፤ በየካቲት ስምምነት ተደረሰ።

ይህን ሳነብላቸው ጋሼ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ስላለ ቤት የለም ማለት ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጋሼ የሚሉት አንድነት የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነው፤ መቅደስ አለው፣ ቁርባን አለው፣ ከሐዋርያት ጀምሮ የሚቆጠር ክህነት አለው። በስሜት ብቻ የሚኖር አይደለም። ችግሩ ለእናቴ የሚሰጣት አንድ መንገድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም ያሳደጋትን ነገር መካድ ነው።

ያሳደጋት ነገር ደግሞ ተራ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶቹ ጋር ደክሞ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። የእናቴ አያት ፊደል የቆጠሩት በዚያ መጽሐፍ ነው ይባላል። ለእነሱ ወንጌል መጀመሪያ የተሰማው በእናት ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ «ከየት ወጥታ ወዴት ትመለስ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ፍየልና በግ የሚመለስ አይደለም። በነገራችን ላይ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ታሪክ ድንበር የለውም፤ የተረጎሙት አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉውን ያሳተመው ደግሞ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ሌላም አስገራሚ አጋጣሚ አለ። ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የራሷን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ ያገኘችበትና መካነ ኢየሱስ በይፋ የተቋቋመችበት ዓመት አንድ ነው፤ 1951 ዓ.ም.። ሁለቱም ከባዕድ እጅ ወጥተው ራሳቸውን ለመምራት የተነሡት በአንድ ወቅት ነው።

ወደ አክስቴ ልሂድ። የማትታይ ቤተ ክርስቲያን የሚለው አሳብ ደስ ይላል፤ ማንንም አያስወጣም። ግን የማትታይ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ የላትም። እናቴ የጠየቀችው ደግሞ የመቃብር ቦታ ነው። «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ በየበኩል መሄድ ቀላል ነው፤ ምንም አያስከፍልም። የአክስቴ ልጅም ነገር ከዚህ አይርቅም። እነሱ «ሃይማኖት የለንም» ብለው አንድ ሳሎን ውስጥ ጀመሩ። በሦስተኛው ዓመት ማኅተም፣ የባንክ ሒሳብ፣ ሰሌዳና መሪ ነበራቸው፤ በአራተኛው ለሁለት ተከፈሉ። ቁጥር አንድ ተጨመረ እንጂ አልተቀነሰም። ልጁ ቅን ነው፤ ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ከድሮው ነፃ ሆኖ ከዜሮ የሚጀምር ቤተ ክርስቲያን እንደሌለ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዳንድ ጓደኞቼ «ልዩነቱ እኮ የካህናትና የፓስተሮች ጨዋታ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቴ ቁርባኑ እውነተኛ የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው ብሎ ነው የኖረው፤ የእመቤታችንን ስም ሳይጠራ ተኝቶ አያውቅም። እናቴ በጸጋ በእምነት ድኛለሁ ብላ ነው የምትኖረው፤ ከክርስቶስ ሌላ አማላጅ አትጠራም። ሁለቱም ለዚህ ዋጋ ከፍለዋል። ልዩነቱን ተራ ነገር ማድረግ ሁለቱንም መናቅ ነው።

ግን አንዳንድ ግድግዳ በቃል የተሠራ እንደሆነም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1973 የሮማው ፖፕ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት በጋራ መግለጫ ፈረሙ። ከኬልቄዶን 1522 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቁርባናቸው ዛሬም አንድ አይደለም፤ ግን አንዱ ሌላው ያላለውን አለ ብሎ የማውገዙ ነገር ረገበ። ሌላው ደግሞ የራሳችን ነው። ደርግ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ገዳዮቹ «የቱ?» ብለው አልለዩም። ስለ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስንከራከር እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ የምናስባቸው ስንቶቻችን ነን?

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ 10.2 በመቶ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆነ። ኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 በመቶ ወረደ። እነዚህ ቁጥሮች ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ኪሳራ እየተባሉ ይነገራሉ። እኔ ግን ሳያቸው የሚታየኝ እንደኛ ያለ ቤት ነው፤ አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ልጅ ሌላ የሆነበት ማዕድ።

በእኔ አስተያየት አንድነት ገና ያልመጣ ነገር ነው። ስለ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሚናገረው የጸሎተ ሃይማኖት አንቀጽ የጸናው እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው፤ ክርስቲያኑ በአርዮስ ጉዳይ ከ50 ዓመት በላይ ሲታመስ ከቆየ በኋላ መሆኑ ነው። እነዚያ አባቶች «አንዲት» ያሉት መለያየትን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ስለዚህ እኛም «አንድ አይደለንም» ብሎ እውነቱን መናገርና «አንድ መሆን አለብን» ብሎ ማመን ሁለቱንም አብረን መያዝ እንችላለን። ቁርባኑና ክህነቱ የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ጉባኤ የማይጠብቅ ነገር ግን አለ። ለቅሶ መድረስ፣ አንዱ ሌላውን «መናፍቅ» ወይም «ጣዖት አምላኪ» ከማለት መቆጠብ፣ ሟችን በእምነቱ መሠረት በክብር መሸኘት፣ እነዚህ የማንንም ዶግማ አይነኩም።

የእናቴን ጉዳይ በተመለከተ ውሳኔው የራሷ ነው። የምትቀበረው በቤተ ክርስቲያኗ መቃብር ነው። አንድ ነገር ግን ለመነች። የአባቴ አስከሬን ወደ መቃብር ሲሄድ በየመንገዱ እያሳረፉ ጸሎት ሲደርስ አይታለች። «እኔንም ስትወስዱኝ በእሱ ግቢ በር በኩል እለፉ፤ በሩ ላይ አንድ ጊዜ አሳርፉኝ» አለች። ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። «የወጣ ይመለስ» የሚሉት እሳቸው ናቸውና ምን እንደሚሉ ፈርቼ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ዕድሜ ከሰጠኝ በሩ ላይ ቆሜ የምጠብቃት እኔ ነኝ» አሉ። እምነታቸውን አልለወጡም፤ እሷም አልለወጠችም።

በሩና መቃብሩ መካከል ያለውን መንገድ ማን እንደሚያሳጥረው አላውቅም። የእኔ ትውልድ ቢያንስ ሊያስረዝመው አይገባም ብዬ አምናለሁ። በትምህርት ክፍላችን ውስጥ እንደኔ ካለ ቤት የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የእናንተስ ቤት ይህን ጥያቄ እንዴት መለሰው? በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። ቸር ይግጠመን።